«ባለሟሏ»፦ በሳቅ ጀምረን በኩርፊያ የጨረስነው ፊልም



ባለፈው ወር በአንዱ የእረፍት ቀናችን አራት ሆነን ፊልም አየን። ቡናው ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ስልኩን ከስኳሩ ዕቃ ጋር አስደግፈነው ተቀመጥን። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት አራታችንም እየተንከተከትን ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን አንዷ መሳቋን አቆመች፤ አንዷ «ኧረ ዝጉት» አለች፤ አንዷ ደግሞ ዓይኗን ሳትነቅል እንባዋን ትጠርግ ጀመር። ፊልሙ አልቆ በረካው እስኪወርድ ድረስ ተጨቃጨቅን፤ ስንለያይም ሁለቱ ተኮራርፈው ነበር። በአንድ ፊልም ምክንያት እንዲህ ስንሆን አይቼ ስለማላውቅ ነገሩን ሳሰላስለው ከረምኩ።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ «ዘ ፌቨሪት» ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። «ተወዳጇ» ብሎ መተርጎም ይቻላል። እኔ ግን «ባለሟሏ» ብለው ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም በቤተ መንግሥት ሞገስ አግኝቶ ሳይጠራ የሚገባ፣ በንጉሥ ጆሮ የሚያንሾካሹክ ሰው በእኛ ቋንቋ ባለሟል ነው የሚባለው። ዳይሬክተሩ ዮርጎስ ላንቲሞስ የሚባል ግሪካዊ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በእንግሊዝ አገር ንግሥት አን በነገሠችበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1702 እስከ 1714 ባለው ዘመን ነው። በእኛ አገር ዓፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ በጎንደር የነገሡበት ዘመን ማብቂያና ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ መሆኑ ነው።

ንግሥቲቱ ሪህ እግሯን የሚያሠቃያት፣ ሌሊት የምትጮኽ፣ እንደ ልጅ የምትነጫነጭ ሴት ነች። ሳራ ቸርችል የምትባል ወዳጇ፣ የጦር አዛዡ የማርልቦሮ መስፍን ሚስት፣ በእሷ ስም አገሩን ታዛለች። እዚህ ቤት ነው እንግዲህ የሳራ ደሃ ዘመድ የሆነችው አቢጌይል ሥራ ፍለጋ የምትመጣው። በፊልሙ ላይ አባቷ ቁማርተኛ ነው፤ ልጁንም ሳይቀር በካርታ ተበልቶባታል። ከሠረገላ ስትወርድ በግንባሯ ጭቃ ውስጥ ትደፋለች፤ ቤተ መንግሥት የምትገባውም ፊቷ ጭቃ ለብሶ፣ ዝንብ እየወረራት ነው። ሳራም አይታ ወደ ኩሽና ትልካታለች።

አራታችንም ከሁሉ በላይ የሳቅነው ኩሽናው ላይ ነው፤ እናውቀዋለንና። ሠራተኞቹ መሬት ላይ ተደርድረው ይተኛሉ። አዲሷን የሚያሠቃዩአት ንግሥቲቱና መኳንንቱ ሳይሆኑ አጠገቧ የሚተኙት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። ወለል ፈትጊ ብለው ባልዲ ይሰጧታል፤ በውስጡ ያለው ሥጋ የሚያቃጥል መሆኑን ግን የሚነግራት የለም። እጇን ስትከት ትጮኻለች። በመጀመሪያ ወሯ ክሎር ከሌላ ማጽጃ ጋር ቀላቅላ ዓይኗና ጉሮሮዋ የተቃጠለ፣ ከዚያም «ጓንት እኮ ነበረልሽ» የተባለች እህት ይህን አይታ ብትስቅ አይፈረድባትም። ከሳቀች በኋላ ደግሞ የገዛ እጇን ገልበጥ አድርጋ ማየቷ አይቀርም።

የፊልሙ ቀልድ እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው። በተለመደው ኮሜዲ ሰው የሙዝ ልጣጭ አንሸራቶት ሲወድቅ ስቀን እናልፋለን፤ ወዲያው እንደሚነሣ እናውቃለንና። እዚህ ግን ካሜራው የወደቀችው ላይ ይቆያል። ሳቃችን ሳያልቅ ሕመሙ ይደርሳል። መኳንንቱ ፀጉር ሰክተው፣ ፊታቸውን ነጭ ተቀብተው በአዳራሽ ውስጥ ዳክዬ ያሽቀዳድማሉ፤ እርቃኑን የቆመን ሰው በፍራፍሬ እየወረወሩ ይንከተከታሉ። በዚያው ሰዓት አገሩ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነው፤ የመሬት ግብር እጥፍ ይሁን አይሁን እየተባለ ነው። ዳክዬው ያስቃል፤ ነገር ግን የሚጫወቱት እነማን እንደሆኑ ትዝ ሲለን የሳቅነውን ሳቅ መመለስ ያምረናል።

ብዙ ሰው በዚህ ፊልም የተከፋው የጠበቀውን ስላላገኘ ይመስለኛል። የቤተ መንግሥት ፊልም ሲባል የሚያምር ቀሚስ፣ የሻማ ብርሃን፣ በመጨረሻም ሠርግ ይጠበቃል። ሻማውም ቀሚሱም አለ። ይሁን እንጂ ካሜራው አንዳንድ ጊዜ ክፍሉን በበር ቀዳዳ እንደሚታይ ቤት አጉብጦ ያሳያል፤ ሙዚቃውም አንድ ኖታ ላይ ቆሞ ጥርስ የሚያፋጭበት ጊዜ አለ። የአልባሳት ባለሙያዋ ሳንዲ ፓወል የኩሽና ሠራተኞቹን ልብስ ከአሮጌ ጂንስ ነው ያሠራችው፤ በዚያ ዘመን ጂንስ አልነበረም። ይህ ለአንዳንዱ ድፍረት ነው፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ንቀት። ለእኔ ግን ሠራተኛን ዛሬም በምትለብሰው ጨርቅ ማልበሱ ደስ ብሎኛል።

ደግሞም ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ልጆች ባሉበት የሚታይ ፊልም አይደለም። ጸያፍ ንግግር ሞልቶበታል፤ ንግሥቲቱና ሁለቱ ሴቶች የሚቀራረቡትም እስከ መኝታ ድረስ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ አላየውም የምትል እህት ብትኖር አልከራከራትም።

ታሪክ አዋቂዎች ደግሞ ሌላ ክርክር አላቸው። ንግሥት አን ባል ነበራት፤ የዴንማርኩ ልዑል ጆርጅ እስከ 1708 ድረስ በሕይወት ነበር። በፊልሙ ግን ጥላው እንኳ የለም። ንግሥቲቱ 17 ጊዜ አርግዛለች፤ አንድም ልጅ ለአቅመ አዳም አልደረሰላትም፤ ረጅም ዕድሜ የኖረው ልጇ በ1700 በ11 ዓመቱ ነው የሞተው። ይህ እውነት ነው። ፊልሙ በእያንዳንዱ ልጅ ፈንታ አንዲት ጥንቸል አድርጎ 17 ጥንቸሎች በመኝታ ክፍሏ እንዲርመሰመሱ አድርጓል፤ ይህ ደግሞ ፈጠራ ነው። መጀመሪያ ጥንቸሎቹን ስናይ «ይህች ሴት አብዳለች» ብለን ሳቅን። ቁጥሩ የምን እንደሆነ ስትናገር ግን በክፍሉ ውስጥ የጀበናው ድምፅ ብቻ ቀረ። ከእኛ መካከል ሁለቱ ልጆቻቸውን አገር ቤት ለእናቶቻቸው ትተው የመጡ ናቸው።

እንግዲህ ጠቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አቢጌይል በተቃጠለ እጇ ላይ የምታደርገውን ቅጠል ለንግሥቲቱ እግር ታደርገዋለች። ያለ ፈቃድ ገብታለችና እንድትገረፍ ይታዘዝባታል፤ ቅጠሉ ማሻሉ ሲታወቅ ግን ከኩሽና ወጥታ የሳራ ደንገጡር ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ ንግሥቲቱ ልብ ውስጥ ትገባለች፤ ታሞግሳታለች፣ ታጫውታታለች፣ ጥንቸሎቹን ታቅፍላታለች። በመጨረሻም በሳራ ሻይ ውስጥ መርዝ ትጨምራለች። ሳራ ፈረስ ላይ ሳለች ራሷን ስታ ትወድቃለች፣ ፈረሱም ይጎትታታል።

ከእኛ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣች እህት አለች። አገር ቤት ሳለች ቪዲዮ ቤት ትሠራ ስለነበር ፊልም ታውቃለች። እሷ ከመጀመሪያው የሳራ ደጋፊ ነበረች። «እውነቱን የምትነግራት እሷ ብቻ ናት» ትላለች። በእርግጥም ንግሥቲቱ ፊቷን ተኳኩላ ስትወጣ ሳራ ምን እንደምትመስል ፊት ለፊት ትነግራታለች፤ አውሬ ትመስያለሽ እስከ ማለት። አቢጌይል በመጣች ጊዜ ግን ንግሥቲቱ የምትሰማው ማር ማር የሚል ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ይህች እህታችን ፊልሙን ያየችው የእውነተኛ ወዳጅነት መሞት አድርጋ ነው።

ሁላችን እትዬ የምንላት ታላቃችን ደግሞ ለሁለቱም አልሆነችም። እሷ ያዘነችው ለንግሥቲቱ ነው። ብዙ ዓመት በአንድ ቤት አሮጊት ስታስታምም ኖራለች፤ እግር መጠቅለል፣ ሌሊት በደወል መነሣት፣ ስትጮኽባት ዝም ብሎ ትራስ ማስተካከል ታውቃለች። «ይህች ሴት ሰው የላትም፤ ያለው ሁሉ ከእሷ የሚፈልገው ነገር አለው» አለች። የጠረገችው እንባ ለዚያ ነበር። ንግሥቲቱን ሆና የሠራችው ኦሊቪያ ኮልማን በ2019 የኦስካር ሽልማት አግኝታለች። ሽልማቱን ስትቀበል ባደረገችው ንግግር ቀድሞ በጽዳት ሠራተኛነት ትሠራ እንደነበረና ሥራውንም ትወደው እንደነበር መናገሯን ስነግራቸው፣ እትዬ «ታውቃለቻ! የተኛን ሰው የሚያውቀው ያነጠፈለት ነው» አለች።

«ዝጉት» ያለችው የወሎዋ ልጅ ናት። ታናሻችን ነች፤ ከመጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አቢጌይል ጭቃ ውስጥ ስትወድቅ «አይዞሽ» ያለች፣ ከኩሽና ስትወጣ ያጨበጨበች እሷ ነበረች። ሻዩ ላይ ሲደረስ ግን ፊቷ ተለወጠ። የተናገረችውን እንዳለ ልጻፈው፦ «ስለ እኛ ይህን ነው የሚያወሩት። ምግብ ላይ ይጨምሩብናል፣ ዕቃችንን ይደብቃሉ፣ ሲያቅፉን አትመኑአቸው ይላሉ። አሁን ማዳሜ ይህን ፊልም ብታይ ነገ ሻይዋን መጀመሪያ ቅመሺ ትለኛለች።» የአዲስ አበባዋ ልጅ «ፊልም እኮ ነው» አለቻት። ኩርፊያው የተጀመረው በዚህች ቃል ነው።

እኔ በዚያ ቀን አልፈረድኩም። አሁን ግን ልፍረድ። የወሎዋ ልጅ ካነሣችው በላይ ጠንካራ ክስ ይህ ፊልም ያለበት አይመስለኝም። አቢጌይል ሂል በእውነት የኖረች ሴት ነች። አባቷ የለንደን ነጋዴ ነበረ፤ ንግዱ ወደቀ፤ እሷም በሰው ቤት ተቀጥራ ሠራች፤ የአጎቷ ልጅ ሳራ መጀመሪያ በራሷ ቤት፣ በኋላም በንግሥቲቱ እልፍኝ አስገባቻት። በ1707 አገባች። ሳራ በ1711 ከቤተ መንግሥት ስትባረር የንግሥቲቱን የግል ገንዘብ የመያዙ ሹመት ለአቢጌይል ተሰጠ። መርዝ የሚባል ነገር ግን የለም። ማንንም አልመረዘችም። ለፊልሙ ሲባል የተጨመረ ነው።

ሌላም አለ። ስለ እነዚህ ሦስት ሴቶች ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረው በአብዛኛው የሳራ ቃል ነው። ሳራ ከንግሥቲቱ በኋላ 30 ዓመት ኖራለች፤ በ1742 የራሷን መጽሐፍ አሳትማለች፤ በዚያም ንግሥቲቱ ደካማ፣ ያች ዘመዷ ደግሞ ውለታ በላ ሆነው ነው የቀረቡት። አቢጌይል ግን ንግሥቲቱ በ1714 ስትሞት ከቤተ መንግሥት ወጥታ በጸጥታ ኖራ በ1734 ሞተች፤ የራሷን ታሪክ አሳትማ አልተወችልንም። ማዳም የጻፈችውን እያነበብን ሠራተኛዋን ስንፈርድባት መኖራችን ነው። ፊልሙ ሳራንም ሲያሳጣ፣ በንግሥቲቱም ሲቀልድ፣ በመኳንንቱ ሲያሾፍ አይቻለሁ፤ ማንንም አልማረም። ይሁን እንጂ ለሳራ ያልጨመረውን ወንጀል ለሠራተኛዋ ጨምሮባታል። ይህን ይቅር አልለውም።

ታዲያ ለምን ፊልሙን እወደዋለሁ? በመጨረሻው ትዕይንት ምክንያት ነው። ብዙ ተመልካች የተናደደውም በዚሁ ትዕይንት ነው፤ «እና ምን ሆነ? አለቀ እንዴ?» ብለው የሚተዉት ቦታ።

አቢጌይል አሁን እመቤት ሆናለች። ሐር ለብሳ፣ ጠጥታ፣ መጽሐፍ ይዛ በንግሥቲቱ ክፍል ተቀምጣለች። ሳራ ተባርራለች። ጥንቸሎቹ ወለሉ ላይ ናቸው። አቢጌይል አንዷን ጥንቸል በጫማዋ ቀስ አድርጋ ትጫናለች። ለምን? ለምንም። ስለምትችል ብቻ። ጥንቸሏ ትጮኻለች፤ ንግሥቲቱም ከአልጋዋ ሆና ትሰማለች። በዚያች ቅጽበት የታቀፈችው ፍቅር ምን እንደነበረ ይገባታል። እንደምንም ተነሥታ እግሬን እሺልኝ ብላ ታዛታለች። አቢጌይል ተንበርክካ ታሻለች፤ ንግሥቲቱም ለመቆም እንደምትደገፍ ሆና ፀጉሯን ጨምድዳ ትይዛለች። የአንደኛዋ ፊት ደነዘዘ፣ የሌላዋም እንደዚያው። ከዚያ ምስላቸው ላይ ጥንቸሎች ይደራረባሉ፣ ይበዛሉ፣ ፊልሙም ያልቃል። ማንም አልተቀጣም፣ ማንም አልዳነም። ከኩሽና እስከ እልፍኝ ድረስ ያን ሁሉ የተጓዘችው ሴት መጨረሻ ላይ የምናገኛት ተንበርክካ እግር ስታሽ ነው።

ይህን ሳይ ለምን እንደደነገጥኩ ልናገር። አፍሬበት የኖርኩት ነገር ነው።

መጀመሪያ በሠራሁበት ቤት ሁለት ሠራተኞች ነበርን። ሁለተኛዋ የአገሬ ልጅ ነበረች፤ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ የገባች። በመጀመሪያ ወራት አላስቀመጠችኝም። መጥረጊያ ትደብቅብኛለች፣ እሷ የሰበረችውን ብርጭቆ ዝም ብላ በእኔ ታሳብባለች። አንድ ቀን ማዳም ለብቻዬ ጠርታ፣ ሻይ አስቀርባ፣ «አንቺ እንደ ልጄ ነሽ፤ ስልክ አላት ወይ?» አለችኝ። ነበራት። በሩዝ ከረጢት ውስጥ ነበር የምትደብቀው። ነገርኳት። በማግሥቱ ልጅቷን ወደ ቢሮ መለሷት። ስትወጣ ሻንጣዋን የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ እኔ መሆኔን አላወቀችም፤ አቅፋኝ ነው የሄደች።

ማዳም ሽቶ ሰጠችኝ፤ የለበሰችው ጃኬትም ሰጠችኝ። እንግዳ ሲመጣ «ይህቺን በዓይኔ ነው የማያት» ትል ነበር። በልቤ ደስ አለኝ። ሌላ ሠራተኛ ግን አልመጣችም። የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ደመወዝ የእኔ ሆነ። ማታ ሁሉ ሲተኛ ደግሞ ማዳም በምትወዳት እጅ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትምና እግሯን በቅባት አሻለሁ። እንቅልፍ ሲያዳፋኝ በእግሯ ጣት ጉንጬን ነካ ታደርገኛለች። ባለሟል ማለት ይህ እንደሆነ ለመረዳት እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ፊልሙ በሁለት ሰዓት ጨረሰው።

ስለዚህ ፊልሙ ሰውን የሚከፋፍለው በጥራቱ ብቻ አይመስለኝም። በኦስካር በ10 ዘርፍ ታጭቶ ያሸነፈው በአንድ ነው፤ እዚያም ያሉት ዳኞች ያው እንደ እኛ ሳይሆኑ አይቀርም። ለሚያሳዝን ሰው እናዝን ዘንድ ሌላው ፊልም ሁሉ እጃችንን ይዞ ይመራናል፤ ይህኛው ግን መጀመሪያ ከአቢጌይል ጋር ያስቀምጠንና መሐል ላይ ወንበሩን ይወስድብናል። ያን ጊዜ እያንዳንዷ ወደምታውቀው ትሄዳለች። ያስታመመች ወደ ታማሚዋ፣ የተከዳች ወደ ተከዳችው። ወሬ አቀባይ የነበረች እንደ እኔ ያለችው ደግሞ ጥንቸሏ ላይ ያረፈውን ጫማ ታያለች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አስታርቄያለሁ፤ ከባድ አልነበረም፣ ቡና ነው የሠራው። የስልኩን ታሪክም ለሦስቱም ነገርኳቸው። እትዬ ራሷን ነቀነቀች። የአዲስ አበባዋ ልጅ «ልጅቷ አሁን የት ናት?» አለችኝ፤ አላውቅም አልኳት። የወሎዋ ልጅ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ስኒዋን ስታገላብጥ ቆየችና፣ «ቢሆንም ሻዩ ውስጥ መርዝ መጨመር አልነበረባቸውም» አለች።